ሸገር 88.1 ላይ የሚመጣባት ቪትዝ

መኪናዋ በፈረንጆች 2001 የተሠራች ቶዮታ ቪትዝ ናት። ባለቤቷ የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከጃፓን ወጥታ በዱባይ በኩል ነው የመጣችው፣ መሪዋም እዚያው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ካምቢዮዋም እንደዚያው። ጋሼ ያማራቸው ዜናና ሙዚቃ ጥርት አድርጎ የሚያሰማ፣ በብሉቱዝ ስልክ የሚያነሳ፣ ወደ ኋላ ሲሄዱ በካሜራ የሚያሳይ ቴፕ ነበር። አስገጠሙ። ሰፊ ስክሪን ያለው አንድሮይድ ቴፕ፣ ኋላ ኮፈን ውስጥ ደግሞ ድምፅ የሚያጎላ አንድ አምፕሊፋየርና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ቤዝ ስፒከር። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለች።

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ስለሚገጥመኝ ነው፣ እዚህች መኪና ላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ተገናኝቷል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለውን መኪና ይዘን የምንቆይበት ጊዜ እየረዘመ ነው። ያለችንን በደንብ ማደስ አለብን። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ አሮጌ መኪና ላይ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ሽቦና ፊውዝ ላይ አውጡ፣ ቀጥሎ የበር ስፒከር ላይ፣ ስክሪኑን በመጨረሻ። ገበያው የሚሸጥላችሁ በተገላቢጦሽ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ባትሪው አልነበረም፣ ስለ ሬዲዮኑ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ቴፕ ግራ የገባው ነው። ሸገር 88.1 ላይ ነው የሚመጣው። ፋና የለም፣ ኤፍ ኤም አዲስም የለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የድሮው ቴፕ ላይስ ሸገርን የት ነበር የሚያገኙት?»

«እዚያም 88.1 ላይ ነበር።»

እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ማለት ይቻላል። ሸገር 102.1 ነው። ከ102.1 ላይ 88.1 ሲቀነስ 14 ይቀራል። በጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ የነበረው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፣ እኛ የምንሰማቸው ጣቢያዎች ደግሞ ከ90 በላይ ናቸው። ስለዚህ ከጃፓን ከነመኪናው የመጣ ቴፕ አዲስ አበባ ላይ ከሹክሹክታ በቀር ምንም አያሰማም። ለዚህ የሚደረገው የአንቴናው ገመድ መሐል አንዲት ትንሽ ሳጥን ማስገባት ነው፣ ኤክስፓንደር ይሏታል። የጣቢያውን ሞገድ በቋሚ ቁጥር ዝቅ ታደርገዋለች፣ የጋሼዋ በ14 ነበር የምትቀንሰው። የጃፓኑ ቴፕ 88.1 ላይ ሲቆም የሚሰማው እንግዲህ 102.1 ነው።

አዲሱን ቴፕ የገጠመው ባለሙያ አሮጌውን አወጣና ኤክስፓንደሯን ክሩስኮቱ ውስጥ እዚያው ተዋት፣ የራሷን ኤሌክትሪክ እየወሰደች ትሠራለች። አዲሱ ቴፕ ግን ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ያለማንም እርዳታ ይይዛል። ሸገር ወደ 88.1 ወርዶ ክልሉ ውስጥ ስለቀረ ተገኘ። ፋና ከ98.1 ወደ 84.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ ከ97.1 ወደ 83.1 ወርደው ከክልሉ ውጭ ሆኑ። አፍሮ ኤፍ ኤም ደግሞ ከ105.3 ወርዶ 91.3 ላይ ይሰማል፣ ጋሼ አዲስ የእንግሊዝኛ ጣቢያ የተከፈተ መስሏቸው ነበር። ሳጥኗን አውጥቼ የአንቴናውን ገመድ በቀጥታ ቴፑ ላይ ሰካሁት። ሁሉም ጣቢያ ቦታው ተመለሰ፣ ሹክሹክታውም ጠፋ፣ ምክንያቱም እነዚህ ርካሽ ሳጥኖች የራሳቸውን ጫጫታ ይጨምራሉ።

የፋብሪካ ቴፑን መቀየር የማትፈልጉ ካላችሁ፣ በ14 የምትቀንስ ኤክስፓንደር እስከ 104 ድረስ ብቻ ነው የምታደርሳችሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ከፈለጋችሁ በ16 ወይም ከዚያ በላይ የምትቀንስ ጠይቁ።

አሁን ወደ ባትሪው። መኪናዋ ጠፍታ፣ በሮቿ ተዘግተው፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ይህ መጠበቅ ግዴታ ነው፣ የመኪና ኮምፒውተሮች ወዲያው አይተኙምና። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፔሩ ላይ አድርጌ መሐል አስገባሁት። (ቴስተሩ መሐል እያለ ሞተር እንዳታስነሱ፣ ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል።) እንዲህ ያለች መኪና ተኝታ ስትውል ከ0.05 አምፔር በታች ነው መውሰድ ያለባት። ቴስተሩ 1.2 አለ።

1.2 አምፔር ለ10 ሰዓት ሌሊት 12 አምፔር ሰዓት ነው። የጋሼ ባትሪ አዲስ እያለ 45 አምፔር ሰዓት ነበር፣ አሁን አርጅቷል፣ ያላቸው መንገድ ደግሞ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያንና እስከ ገበያ ነው፣ የወጣው ሳይመለስ ተመልሰው ያቆሟታል። ሁለት ሌሊት ከቆመች ሞተሪኖው ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አያዞርም። ባትሪ ቀይሩ ተብለው ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው አልቀየሩም። አዲሱም እንደ አሮጌው ይሞት ነበር።

ፊውዝ አንድ በአንድ ስነቅል የሬዲዮው ፊውዝ ላይ የቴስተሩ ቁጥር ወረደ፣ የአምፕሊፋየሩን ሽቦ ሳላቅቅ ደግሞ የቀረው ጠፋ። ቴፑን አወጣሁት። ከጀርባው ያገኘሁት ነው የዚህ ጉዳይ ልቡ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቶዮታ የራሱ የሽቦ ቀለም አለው። ገበያ ላይ የሚሸጡት ቴፖች ደግሞ የራሳቸው የተለመደ ቀለም አላቸው። ሁለቱ አይገናኙም። ቶዮታ ላይ ቋሚው፣ ማለት ቁልፉ ቢወጣም የማይቋረጠው 12 ቮልት ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር አለው፣ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው 12 ቮልት ግራጫ ነው፣ ኔጌቲቩ ቡናማ ነው፣ የፓርኪንግ መብራት ሲበራ የሚመጣው አረንጓዴ ነው። የፊት ግራ ስፒከር ሮዝና ሐምራዊ፣ የፊት ቀኝ ደግሞ ፈዛዛ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። የገበያው ቴፕ ላይ ቋሚው ቢጫ፣ የቁልፉ ቀይ፣ ኔጌቲቩ ጥቁር ነው። ግራጫውስ? ግራጫው የፊት ቀኝ ስፒከር ፖዘቲቭ ነው።

ገባችሁ አይደል? ቀለም ከቀለም አገናኝቶ የሚገጥም ሰው ግራጫውን ከግራጫው ጋር ያያይዛል፣ ቁልፉ ሲዞርም 12 ቮልቱ በቀጥታ የቴፑ የድምፅ መውጫ ውስጥ ይገባል። ያ መውጫ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ እንጂ የሚቀበል አይደለም። የጋሼ ቴፕ የፊት ቀኝ ቻናሉ፣ ማለት ያ የድምፅ መውጫ፣ የተቃጠለው በዚህ ነው። ባለሙያው ድምፁ ሲጠፋበት ስፒከሩን ወደ ሌላ ቻናል አዙሮ ዝም ብሏል።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከዚሁ የተወለደ ነው። የቶዮታው ግራጫ በስፒከር መስመር ላይ ስለባከነ የቴፑ ቀይ ሽቦ የሚገጥመው አጣ፣ ቀዩ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ደግሞ ቴፑ አይበራም። ስለዚህ ቀዩንና ቢጫውን አንድ ላይ ጠምዝዞ ቋሚው 12 ቮልት ላይ አሰራቸው። ቴፑ በራ፣ ስክሪኑ አማረ፣ ሒሳብ ተከፈለ። ቁልፉ ወጥቶ ጋሼ ቤታቸው ሲገቡ ግን ቴፑ መኪናው እንደጠፋ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስክሪኑ በራሱ በቴፑ ማጥፊያ ቢጠፋም ውስጡ ይሠራል። ቴፑ ስላልተኛም አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰው ሰማያዊና ነጭ ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ 12 ቮልት እየላከ አምፕሊፋየሩንም እንቅልፍ ነሳው። 1.2 አምፔሯ ይህች ናት።

መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በጣት ተጠምዝዘው ናስትሮ የተጠቀለለባቸው ነበሩ። ናስትሮ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ክሩስኮት ውስጥ ሙጫው ይቀልጥና ይንሸራተታል። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር የተቀጠሉ የቆዩ ሽቦዎችም እዚያው አካባቢ ስላሉ ማን ከማን ጋር እንደሚነካካ አይታወቅም። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ለቶዮታ የሚሆን ባለ 10 እና ባለ 6 እግር ሶኬት የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይገኛል። በአንድ በኩል ቴፑ ላይ፣ በሌላ በኩል የመኪናው ፋብሪካ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ አንድም ሽቦ አይቆረጥም። ዋጋው ከስክሪኑ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። የመኪናውን ሶኬት ቆርጦ የሚጥል ባለሙያ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያስቸግራል።

የጋሼዋ ሶኬት ስለተቆረጠ እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ለየሁ። ቀለሙን አላመንኩም፣ መሪ ከዞረባት መኪና ላይ ቀለም አይታመንም። ቋሚውን ከቢጫው፣ የቁልፉን ከቀዩ፣ ቡናማውን ከጥቁሩ፣ አረንጓዴውን ማታ ስክሪኑን ከሚያደበዝዘው ብርቱካናማ ጋር በብየዳ አያያዝኩ፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክም አለበስኳቸው። የተቃጠለ ቻናል ስላለ ሁለቱንም የፊት በሮች በኋላ ቻናሎች አሠራኋቸው፣ መኪናዋ ኋላ ስፒከር ስለሌላት የሚጎድል ነገር የለም። ስጨርስ መልሼ ለካሁ፣ 0.03 አምፔር።

ከስፒከሮቹ የሚሰማ ፉጨትም ነበር፣ እሱ ግን አልጠፋም። ቤንዚን ሲረገጥ ከፍ የሚል፣ ሲለቀቅ የሚወርድ ፉጨት ባትሪውን ከሚሞላው አልተርኔተር ነው የሚመጣው፣ ወደ ድምፁ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጥፎ ኔጌቲቭ ነው። ሞተር አስነስቼ፣ ፓውዛና የአየር ማራገቢያ አብርቼ፣ ቤዙንም ከፍቼ፣ በባትሪው ኔጌቲቭና በአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ መሐል ያለውን ቮልት ለካሁ። ከ0.2 በላይ መሆን የለበትም፣ 0.9 አገኘሁ። የአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ በአንዲት ቡሎን ነበር የታሰረው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ የሚያልፈው በቡሎኗ ጥርስ በኩል ብቻ ነው። ቀለሙን ፍቄ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን አጽድቼ፣ አጭርና ወፍራም ሽቦ አሰርኩ፣ ዝገት እንዳይዘው በላዩ ግራሶ ቀባሁ። ድምፁን ወደ አምፕሊፋየር የሚወስደው ገመድም ከኤሌክትሪክ ሽቦው ጋር ታስሮ ነበር፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ለያየኋቸው። ፉጨቱ ሄደ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ነው። ከባትሪው ተነስቶ ሞተሩን ከውስጥ በሚለየው ብረት ቀዳዳ በኩል፣ ላስቲክ በሌለው፣ ጠርዙ ስለታም በሆነ ቀዳዳ ያልፋል። ፊውዝ የለውም። አምፕሊፋየሩ ራሱ ላይ ፊውዝ አለ ይሏችኋል፣ ያ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ነው። ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ ያፈስበታል፣ ሽቦው ይግልና ምንጣፉን ያቃጥላል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ቢበዛ 45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ። ይህን ሳታዩ ከጋራዥ አትውጡ፣ የሞተሩን ኮፈን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ሽቦው ደግሞ ወፍራም ይመስላል እንጂ አብዛኛው ላስቲክ ነው፣ ውስጡም መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አንዷን ክር በምላጭ ስትፍቋት ነጭ ከሆነች አሉሚኒየም ናት። የአሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ከመዳብ 60 ከመቶ ገደማ ነው፣ ማሰሪያው ላይም በቶሎ ይላላል። 8 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ንጹሕ መዳብ አስገባሁ፣ ባትሪው ጋ 30 አምፔር ፊውዝ፣ ቀዳዳው ላይ ላስቲክ።

አምፕሊፋየሩ ላይ 2000 ዋት ተጽፏል። ጋሼ ኩራት ይሰማቸው ስለነበር ሒሳቡን አብረን ሠራን። የራሱ ፊውዝ 25 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ ያለው ቮልት 13.8 ቢሆን 25 ሲባዛ 345 ዋት ነው የሚገባው። ይህ ዓይነቱ ከገባለት 60 ከመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ይቀይራል፣ 200 ዋት ገደማ ማለት ነው። ለቪትዝ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ቴፑ ላይ «50 በ4» የሚለውም እንደዚሁ ነው፣ በተግባር ለአንድ ስፒከር 20 ዋት ቢሰጥ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የራም ቁጥርም በሶፍትዌር ሊጻፍ የሚችል ነው። ስትገዙ ቁጥሩን አትዩ፣ ካርታና ሬዲዮ አንድ ላይ አስከፍታችሁ ፍጥነቱን እዩ።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ድምፅ ማውራት የሚቻለው። የፊት በሮች ስፒከሮች የፋብሪካ ወረቀቶች ናቸው፣ ጠርዛቸው በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። በዚያ ላይ አንደኛው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ነበር፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ድንጋይ በስፒከሩ ሽቦዎች ላይ ለቅጽበት አስነኩ፣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ፖዘቲቩ ላይ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከገባ ተገላብጧል።

አዲስ ስፒከር ስንመርጥ ጋሼ ትልቅ ዋት የተጻፈበትን ያዙ። እኔ የያዝኩት ዋቱ አነስ ያለ፣ ስሜታዊነቱ (በተሰጠው ኃይል የሚያወጣው የድምፅ መጠን) ግን 91 ዴሲቤል የሆነውን ነው። ከአምፕሊፋየር ሳይሆን በቀጥታ ከቴፑ ለሚሠራ ስፒከር ዋናው ቁጥር ይህ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ልዩነት የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ 85 የሆነ ስፒከር 91 ከሆነው እኩል እንዲሰማ 4 እጥፍ ዋት ይፈልጋል፣ ቴፑ ደግሞ ያንን የለውም።

በሩን ስንከፍት ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ተቀዳዷል። በር ለስፒከር ሳጥኑ ነው፣ ቀዳዳ የበዛበት ሳጥን ደግሞ ቤዝ አያወጣም። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች በአሉሚኒየም ሽፋን ባለው ተለጣፊ ላስቲክ ዘጋሁ፣ ቆርቆሮውም ላይ ጥቂት ለጠፍኩ። ከታች ያሉትን የውሃ መውጫዎች ግን አትንኩ፣ ክረምት ላይ በመስታወቱ የሚገባው ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው፣ ከደፈናችኋቸው በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ለጣሪያ የሚሆነውን ካትራም የሚለጥፉም አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ ሙቀት ሲነካው ይሸታል፣ ይንጠባጠባልም። ከዚያ ቴፑ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ከበር ስፒከሮቹ ቆርጬ ለቤዙ ሰጠሁት። በሮቹ ከማይችሉት ሸክም ሲያርፉ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ጋሼ ዜና ከፍተው ዝም ብለው ሰሙ፣ ቀጥሎ የጥላሁንን ዘፈን ከፈቱና «ማሲንቆው ተለይቶ ተሰማኝ» አሉ። ያ ማሲንቆ ድሮም ቀረጻው ውስጥ ነበር።

የቀረው ፈጠን ያለ ነው። የቶዮታ ቴፕ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስታንዳርዱ 17.8፣ ስለዚህ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሳንቲ ክፍተት ቀርቶ በስፖንጅ ተሞልቶ ነበር። የጎን ፕላስቲኮቹን ሶማሌ ተራ አግኝተን ገጠምን። የኋላ ካሜራው ገመድ በኋላ በር ጠርዝ ተጨፍልቆ ያልፍ ነበርና የበሩ ሽቦዎች በሚያልፉበት ላስቲክ ውስጥ አሳለፍኩት። ሬዲዮን የሚያስጮኸው የዩኤስቢ ቻርጀር ተቀየረ፣ ርካሾቹ በኤፍ ኤም ላይ ጫጫታ ይረጫሉ፣ ነቅሎ በመስማት ብቻ ይታወቃል።

ጋሼ ኤልኢዲ ፓውዛም ፈልገው ነበር። እምቢ አልኳቸው። ያ መስታወት የተሠራው ለሃሎጅን አምፖል ነው፣ ኤልኢዲ ሲገባበት ብርሃኑ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ይልቅ አምፖሉ ጋ የሚደርሰውን ቮልት ለካን፣ ከባትሪው 10 ከመቶ ያህል ያንስ ነበር። ሃሎጅን ቮልቱ 10 ከመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) እና ባለ ፊውዝ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ አመጣንለት። ብዙ ቶዮታዎች ፓውዛን የሚያበሩትና የሚያጠፉት በኔጌቲቭ በኩል ስለሆነ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የሪሌ ሽቦ እንዳለ አይገጥምም፣ ባለሙያችሁ መጀመሪያ ይህን ይለካ።

አሁን መኪናዋ ቆማም ስትሰነብት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች፣ ባትሪውም ያው የድሮው ነው። ያልነካሁት የተቃጠለውን ቻናል ነው፣ ጋሼ ኋላ ስፒከር ማስገጠም ካልፈለጉ በቀር መጠገን አያስፈልግም። የግራ በር ሽቦ መታጠፊያው ጋ መላጥ ጀምሯል፣ ክረምት ሳይገባ እንቀይረዋለን።